ትልቁ ቁጥር የማንም ርስት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከሌላ ቻናል ያገኘውን ጽሑፍ «ይህን አየኸው?» ብሎ ላከልኝ። ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። አሜሪካኖች በቅርቡ አገኘነው ያሉት የዓለማችን ትልቁ ብቸኛ ቁጥር፣ ብዙዎቻችን ፕራይም ነምበር የምንለው፣ ጥንት በእኛ ብራና ተጽፎ ነበር። ፈረንጅ ብራናውን ሰርቆ ወሰደ። አሁን ደግሞ «በኮምፒውተር አገኘሁት» ብሎ ያላግጥብናል። ማስረጃው «ታማኝ ምንጮች» ነው። ከስሩ የተደረደረው የእሳትና የባንዲራ ምልክት ነው። «ለመሆኑ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አላየሁም።

ለወዳጄ መልሼ ጻፍኩለት፦ «የትኛው ብራና? የየትኛው ገዳም? ስንተኛው ቅጠል ላይ?» የመጣልኝ መልስ፦ «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ማስረጃ፣ ማስረጃ! ለአገርህ ታሪክ እንኳ አትራራም?»

እኔ የደብረ ወርቅ ልጅ ነኝ። ቅኔ ሲዘረፍ፣ ባሕረ ሐሳብ ሲቆጠር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ለአገሬ ታሪክ የምራራው ከእሱ አንሼ አይመስለኝም። የምጽፈውም ስለምራራ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ያከበረን ይመስላል እንጂ ያለንን እውነተኛ ነገር ይቀማናል። እንዴት እንደሚቀማን ላሳያችሁ፤ ትንሽ ቁጥር ስላለበት ታገሡኝ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንወቀው። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር ነው። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 እያለ ይቀጥላል። 15 ብቸኛ አይደለም፤ 3 እና 5 ያካፍሉታል። እነዚህ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ኤውክሊድ የተባለው የግሪክ ሊቅ ከዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ በፊት አረጋግጦ ጽፏል። ስለዚህ «ትልቁ ብቸኛ ቁጥር» የሚባል ነገር ከመሠረቱ የለም። ያለው «እስከ ዛሬ የታወቀው ትልቁ» ብቻ ነው። አንድ ሰው «ትልቁ ቁጥር በእኛ እጅ ነበር» ሲል ገና ከአፉ እንደወጣ ፈርሷል ማለት ነው።

እስከ ዛሬ የታወቀው ትልቁ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ብቸኝነቱ የተረጋገጠው ነው። 136,279,841 ሁለቶችን እርስ በርሳቸው አባዝታችሁ ከውጤቱ 1 ብትቀንሱ ታገኙታላችሁ። 41,024,320 አኃዝ አለው። በየሰከንዱ አንድ አኃዝ እየጠራችሁ፣ ሳትበሉና ሳትተኙ ብታነቡት 474 ቀን አልፎም አያልቅም።

እስኪ አሁን ብራናውን እንፈልገው። በአንድ የብራና ገጽ 1,000 አኃዝ ይጻፍ እንበል። 41,000 ገጽ ይሆናል፤ በሁለት ፊት ሲጻፍ ከ20,500 ቅጠል በላይ። ከአንድ የፍየል ቆዳ አራት ቅጠል ይወጣል ብንል እንኳ ከ5,000 በላይ ፍየል ይፈልጋል። ለአንድ ቁጥር 5,000 ፍየል ያሳረደው ገዳም የትኛው ነው? የፋቀውስ ማነው? የጻፈውስ? አባቶቻችን ብራና እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚቆጥቡ ሰዎች ነበሩ። ይህን በእነሱ ስም መናገር እነሱን አለማወቅ ነው።

ቁጥሩን ያገኘው ሉክ ዱራንት የተባለ፣ ቀድሞ ኤንቪዲያ በተባለው የኮምፒውተር ቺፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ ነው። ብቻውንም አይደለም። ጂምፕስ የሚባል፣ ጆርጅ ዎልትማን በ1996 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኅብረት አለ። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ለዚህ ፍለጋ ያውሰዋል። ዱራንት በ17 አገሮች የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ የግራፊክስ ቺፖችን ተከራይቶ አሰማራ። ፍንጩ የታየው አየርላንድ ደብሊን ባለ ማሽን ላይ ነው፤ በማግስቱ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ባለ ሌላ ማሽን ተረጋገጠ። ሽልማቱ 3,000 ዶላር ነበር። እሱንም ለአላባማ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍል እሰጣለሁ አለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ «እመኑኝ» የሚል ሰው የለም። ቁጥሩ በአደባባይ ተቀምጧል፣ መፈተኛውም እንዲሁ። መፈተኛውን ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀመረው፣ አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር በ1930 እ.ኤ.አ. አቃናው። በእርሳስ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ከ4 ተነሡ። በራሱ አባዙትና 2 ቀንሱ። ውጤቱን በምትፈትኑት ቁጥር ገድፋችሁ ቀሪውን ያዙ። እንደገና በራሱ አባዙ፣ 2 ቀንሱ፣ ግደፉ። ይህን የምትደጋግሙት ከሁለቶቹ ብዛት ሁለት ባነሰ ቁጥር ነው። መጨረሻ ላይ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው።

በ31 እንሞክረው። አምስት ሁለቶች ሲባዙ 32፣ አንድ ሲቀነስ 31። ሦስት ጊዜ እንደጋግማለን። 4 በ4 ሲባዛ 16፣ ሁለት ሲቀነስ 14፤ ይህ አንድ። 14 በ14 ሲባዛ 196፣ ሁለት ሲቀነስ 194፣ በ31 ሲገደፍ ቀሪው 8፤ ይህ ሁለት። 8 በ8 ሲባዛ 64፣ ሁለት ሲቀነስ 62፣ በ31 ሲገደፍ ቀሪው 0። አለቀ። ትልቁም ቁጥር የተፈተነው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ድግግሞሹ 136,279,839 ጊዜ መሆኑ ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነት ቁጥሮች የሚጠሩት በማርን መርሰን ስም ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የፈረንሳይ መነኩሴ ነው። በ1644 እ.ኤ.አ. የትኞቹ ብቸኛ እንደሆኑ ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ ግን ስህተት ነበረበት። 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘውን ብቸኛ ነው ብሎ ነበር፤ አይደለም። ፍራንክ ኮል የተባለ አሜሪካዊ በ1903 እ.ኤ.አ. በአንድ የሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ እንደሚተረከው አንድ ቃል ሳይናገር፣ ሰሌዳው ላይ 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ውጤቱ ያው የመርሰን ቁጥር ሆነ። ኮል ወደ ቦታው ተመለሰ፣ አዳራሹ አጨበጨበ። የመርሰን ስም እስከ ዛሬ በቁጥሮቹ ላይ አለ፣ ስህተቱም እስከ ዛሬ በግልጽ ይነገራል። «የመነኩሴውን ክብር ነካህ» ብሎ ኮልን የተነሣበት የለም።

እኛ ጋ ቢሆንስ? እስኪ በየቻናሉ አንድ የተከበረ ሰው ያለውን «ስህተት ነው» በሉ፣ ታዩታላችሁ። ቁጥሩ ይረሳና የተናጋሪው ዘር መመርመር ይጀመራል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ያ ጽሑፍ የሚቀማን እዚህ ላይ ነው።

ባሕረ ሐሳብ እውነተኛ ሀብታችን ነው። የ2018ን ፋሲካ እናውጣ። 5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ነው። በ19 ሲገደፍ ቀሪው 13፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ 12 እና 18፣ ልክ ነው። መስከረም 18 የዋለው እሑድ ነው፣ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፣ 18 ላይ ሲጨመር መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። ነነዌ ጥር 25። በ25 ላይ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመር 34፣ 30 ሲገደፍ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4።

ልብ በሉ፣ ሥራው ሁሉ መግደፍ ነው። ቀሪን መያዝ። ደብሊን ያለው ማሽን ሲሠራ የዋለው በባሕሪው ይኸንኑ ነው። የእኛ ሊቃውንት ያለ ኮምፒውተር፣ ብዙ ጊዜ ያለ ወረቀት፣ በጣታቸው አንጓ ይሠሩታል። ከመካከሉም ማረጋገጫ አስቀምጠውበታል፤ አበቅቴና መጥቅዕ 30 ካልሞሉ ተሳስተሃል፣ ተመለስ!

አንድ ጊዜ እዚሁ ደብረ ወርቅ አንድ የኔታን «የኔታ፣ ለምን 19 ሆነ? 18 ወይም 20 ቢሆን ምን ነበረበት?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ሳቁብኝና «ልጄ፣ ጨረቃዋን ጠይቃት! እኔ ያወጣሁት መሰለህ?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አልሰማሁም። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር በጣም ተቀራርቦ ስለሚገጥም ነው 19 የሆነው። የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ያውቀው ነበር፣ ባቢሎናውያንም ያውቁት ነበር። ቀመሩ ወደ እኛ የመጣው በእስክንድርያ በኩል ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን አልደበቀችም፣ ድርሰቱን ለሊቀ ጳጳሱ ለድሜጥሮስ ትሰጣለች። የተማረውን ከማን እንደተማረ በስሙ ጠርቶ የሚያስተምር ሊቅ ባለበት አገር «ሰረቁን» የሚለውን ጩኸት ማን አመጣው?

19 ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ሥራ አለው። 7 ቀንና 4 ዓመት ሲባዙ 28 ዓመት የፀሐይ ዑደት ይሰጣሉ። 19 ብቸኛ ስለሆነና 28ን ስለማያካፍል ሁለቱ ዑደቶች ተመልሰው የሚገናኙት በ532 ዓመት ነው፤ ዐቢይ ቀመር የምንለው። ጨረቃዋ 18 ዓመት ላይ ብትመለስ ኖሮ 18ና 28 ሁለቱም በ2 ስለሚካፈሉ ግጥሙ በ252 ዓመት ያልቅ ነበር። ይህ ምስጢር አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ማንም ልጅ ሊያረጋግጠው ይችላል።

እዚህ ላይ ደግሞ ወጥመዱን ላሳያችሁ። 28 በሒሳብ ፍጹም ቁጥር ይባላል። አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ ራሱን 28ን ይሰጣሉ። እያንዳንዱ የመርሰን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል፤ 28ን የወለደው 7 ነው። እንግዲህ ይህን ይዤ «የዓለም ትልቁ ቁጥር ቁልፍ በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ተደብቆ ተገኘ!» ብዬ ብለጥፍ በአንድ ሌሊት ስንት ሺህ ሰው ያጋራው ነበር? እያንዳንዱ አኃዝ እውነት ነው፣ መደምደሚያው ግን ውሸት ነው። 28 የተገኘው ሳምንት 7 ቀን ስለሆነና ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ስለምትሆን ነው። ገጠመኝ እንጂ ትንቢት አይደለም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ማምረት ቀላል መሆኑን እንድታውቁ ነው የነገርኳችሁ።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። «ሕዝቡ በጦርነትና በኑሮ ውድነት እየተቃጠለ አንተ ስለ 41 ሚሊዮን አኃዝ ታወራለህ? ምን ይጠቅማል?» የሚለው። ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጥ ክብር ይገባዋል፤ የሚጠይቀው ሰው እውነተኛ ሕመም አለው። በሐቅ ልመልስ። ያ ቁጥር እንጀራ አይሆንም። ለሚስጥር መቆለፊያም አያገለግልም፤ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው፣ ደግሞም ሁሉ ያውቀዋል።

ግን ቶማስ ናይስሊ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር ነበር። እንደ 11ና 13 በሁለት የሚራራቁ መንታ ብቸኛ ቁጥሮችን ያጠና ነበር። ከዚህ የባሰ «ምን ይጠቅማል» የሚያሰኝ ሥራ አለ? በ1994 እ.ኤ.አ. ስሌቱ አልገጥም አለው። ራሱን ጠረጠረ፣ ፕሮግራሙን ጠረጠረ፣ ደጋግሞ ፈተነ። መጨረሻ ላይ ስህተተኛው የኢንቴል ፔንቲየም ቺፕ ሆኖ ተገኘ፤ አንዳንድ ቁጥሮችን ሲያካፍል ይሳሳት ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ አቃለለው። በኋላ ግን ቺፑን ለመቀየር ተገደደ፣ 475 ሚሊዮን ዶላርም ከሰረ። አንድ መምህር ያን ግዙፍ ኩባንያ ያንበረከከው ሠራዊት ይዞ አልነበረም። ማንም ደግሞ ሊሞክረው የሚችል ስሌት ነበረው።

ሌላም አለ። ይህን የምታነቡበት ቴሌግራም ከስልካችሁ ጋር ቁልፍ ሲስማማ 617 አኃዝ ባለው ብቸኛ ቁጥር ይጠቀማል። ከቁጥሩ 1 ተቀንሶ ለሁለት ሲከፈል የሚገኘውም ብቸኛ እንዲሆን ይፈለጋል፤ 23 ለሁለት ሲከፈል 11 እንደሚሆነው ማለት ነው። ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሌላው ዘዴም ቆሞ ያለው ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል፣ ብዜቱን መልሶ መከፋፈል ግን እጅግ ከባድ በመሆኑ ላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ከፋፈልነው ያሉት ባለ 250 አኃዝ ነበር፤ በጥቅም ላይ ያሉት 617 አኃዝ ይሆናሉ። እግረ መንገዴን ላስጠንቅቃችሁ፦ በቴሌግራም ከጽሑፍ ውይይቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ሚስጥራዊ ውይይት የሚባለው ብቻ ነው። ቻናልና ግሩፕ ሚስጥር አይደሉም። በዚህ ዘመን ይህን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል።

አሁን ወደ ያዛችሁልኝ ነገር ልመለስ። ሽልማቱ የሄደው ለአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍል ነው። የእኛ የሒሳብ ክፍል የት አለ? በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበር። ይህ የአገሪቱ ነው። በክልላችን ደግሞ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ እዚህ ከተማ ወሬ በአፍ ብቻ ነበር የሚደርሰን። የሞተ ሰው በማግስቱ ቡና ሲጠጣ አይተናል፤ በሕይወት አለ የተባለውን ቀብረናል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? እንደዚያ ነበር የኖርነው። ማረጋገጥ የቅንጦት ነገር አለመሆኑን የተማርኩት በመጽሐፍ አይደለም።

ለዚህ ነው የብራናው ተረት የሚያበሳጨኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ ሆነብን። በሰማይ ባለችው ላም ስንፎክር እደጅ የታሰረችው እየሞተች ነው። የአብነት ተማሪው መንገድ ተዘግቶበት ወደ ጉባኤው መሄድ ፈርቷል። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅ የኔታ በጣታቸው የሚሠሩትን መግደፍ በሒሳብ ክፍሉ ሰምቶት አያውቅም። ደብረ ወርቅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሐዲስ ዓለማየሁን ያሳደጉ ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ያንን የሠራው ፉከራ ሳይሆን ቀን ከሌሊት የተቀጸለ ትምህርት ነው።

የምለው ከባድ አይደለም። የትምህርት ቢሮው በጀት ሳይጠብቅ ሊጀምረው ይችላል። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር አንድ ቀን የኔታን ጋብዞ ባሕረ ሐሳብን በሰሌዳ ያሠራ። ልጆቹ አበቅቴና መጥቅዕ ለምን 30 እንደሚሞሉ ራሳቸው ይድረሱበት፤ 11ና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ ነው። ከዚያ በ31 ላይ ያን የሦስት መስመር ፈተና ይሥሩ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከደብረ ወርቅ ተነሥተው የዓለም ሒሳብ ጫፍ ላይ ይደርሳሉ። ያኔ «የእኛ ነው» ቢሉ ውሸት አይሆንባቸውም፤ የሠሩት የሠሪው ነውና።

ፖለቲከኞቻችንም ሆኑ ተቃዋሚዎቻቸው የሚፈሩት ይህን ልጅ ነው። «ይህን ያህል ገደልን፣ ይህን ያህል ማዳበሪያ አከፋፈልን፣ ይህን ያህል ትምህርት ቤት ከፈትን» ሲሉት «እስኪ ልደምረው» የሚለውን። ባንዲራ ሲውለበለብለት የሚያጨበጭበውን ማንም አይፈራውም።

ለወዳጄ የላክሁለት የመጨረሻ መልስ ይህ ነበር፤ ለእናንተም ይሁን። የሁለቶች ብዜት መጨረሻ አኃዝ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ በአራት በአራት ይዞራል። 136,279,841ን በ4 ግደፉት፣ ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ የመጨረሻው አኃዝ 2፣ ያ አንዱ ሲቀነስለት ደግሞ 1 ይሆናል። የዓለም ትልቁ የታወቀ ብቸኛ ቁጥር የሚያልቀው በ1 ነው። ይህን ለማወቅ ኢንተርኔት አላስፈለገንም፣ ታማኝ ምንጭም አላስፈለገንም፣ የተሰረቀ ብራናም አላስፈለገንም።

ወዳጄ ከብዙ ዝምታ በኋላ መለሰልኝ፦ «እኔም ሠራሁት፣ 1 ነው።»

ያንን ጽሑፍ ከቻናሉ አጥፍቶታል። እናንተም ቀጣዩን ከማጋራታችሁ በፊት አንዴ ግደፉት።

ቸር እንሰንብት።